የኤልጳንዮስ ጤፍ

ወንጌላዊት በክርክር ተሸንፋ አታውቅም። ይህን የሚሉት ተማሪዎቿ ብቻ አይደሉም፤ ባሏ አብይም ይመሰክርላታል፣ ያውም እየተቃጠለ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። ተማሪ እጁን አውጥቶ «እንዲህ ይባላል» ብሎ ከጀመረ አለቀለት፤ «ማን አለ? ለእሱስ ማን ነገረው?» እያለች እስኪያልበው ታፋጥጠዋለች። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት አንድ ጥቅስ ከአንድ ሰው አፍ ሰምታ፣ ምንጩን ሳታጣራ፣ ዓመታት ሙሉ አፏን ሞልታ ስትጠቅስ የኖረችው። የወደድነውን ነገር ማን ያጣራል።

ጥቅሱ እንዲህ ይላል፦ «ስንዴው ሳይበቅል ማጭድ የሚያነሣ ገበሬ፣ ሕፃኑ ሳያምን ውኃ የሚያፈስ ካህን፣ የሁለቱም ድካም ለነፋስ ነው።» ተናጋሪው የአንጾኪያው ኤልጳንዮስ ነው፤ ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ያልራቀ ጥንታዊ አባት። ቢያንስ መጋቢ ታዲዮስ በሚያሳትማት ትንሽ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ተብሎ ሰፍሯል፤ ወንጌላዊትም ከዚያ ወስዳ በቃሏ ይዛዋለች።

አብይ ደግሞ የራሱ አባት ነበረው። የቂሳርያው ኒቃርዮስ ይባላል። «ዝናብ ዘሩ እስኪበቅል አይጠብቅም፤ ዘሩ እንዲበቅል ይዘንባል እንጂ» ብሏል። አብይ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ይህ ቃል ለእሱ ተለይቶ የተነገረ ይመስለዋል፤ ኒቃርዮስን የሚጠራው እንደ መሥሪያ ቤት ባልደረባው ነው።

በደብረ ማርቆስ ፕሮቴስታንቶች ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት መሆናቸው ግን ከመከራከር አላገዳቸውም። እነ ወንጌላዊት የሚሄዱበት ጉባኤ ሁለት ትንንሽ ጉባኤዎች መሰብሰቢያ ሲያጡ ተጣምረው የፈጠሩት ነው። የመጋቢ ታዲዮስ ወገኖች አምኖ የጠየቀን ሰው ብቻ ያጠምቃሉ። የአቶ አንተነህ ወገኖች ሕፃን ያጠምቃሉ፤ የአገሩ ልማድ ስላልለቀቃቸውም ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን ነው የሚያጠምቁት። ታዲዮስ በዚህ ነገር ሳይወጋቸው አያልፍም። መዝሙሩም ጸሎቱም አንድ ነው፤ ጠቡ የሚነሣው ልጅ ሲወለድ ነው። በዚህ ዓመት ደግሞ ልጅ የተወለደው እነ ወንጌላዊት ቤት ነው።

የኔአለም አሏት። ልጅቱ ጤነኛ፣ ጡት ላይ የማትቀልድ፣ ድምፀ መልካም ናት። ችግሩ ሰማንያ ቀኗ እየቀረበ መምጣቱ ነበር። አብይ በቀኗ ትጠመቅ አለ። ወንጌላዊት አድጋ በራሷ አፍ እስክትጠይቅ ድረስ ጠብታ ውኃ አይነካትም አለች። መጀመሪያ ሰሞን እየተሳሳቁ ነበር የሚከራከሩት። ከዚያ ሳቁ ቀረ። ከዚያ ደግሞ ምሳ እየቀረበ አንዱ «ኤልጳንዮስ» ሲል ሌላው «ኒቃርዮስ» እያለ ወጡ መቀዝቀዝ ጀመረ። አብይ አንዳንድ ጊዜ በክርክሩ መሀል በድንገት ዝም ብሎ ይነሣና ይወጣል፤ ወንጌላዊት እንዳሸነፈች ትቆጥረዋለች።

በጉባኤውም ነገሩ ከረረ። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ አቶ አንተነህ ተነሥተው ይህ ኤልጳንዮስ የሚባል ሰው በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ምዕራፍ እንደተናገረ ይነገረኝ አሉ። ታዲዮስም የእርስዎስ ኒቃርዮስ ብሎ መለሰ። በዚህ ጊዜ የሁሉም ዓይን ወደ ታሪክ አስተማሪዋ ዞረ። ወንጌላዊት ሕፃኗን እንደታቀፈች ተነሥታ እኔ አጣራለሁ አለች፤ ኤልጳንዮስ እንደሚገኝ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። አብይ አብሬ እሄዳለሁ አለ። ሚስቴን አላምናትም ማለት ቢያሳፍረው ልጅ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል ብሎ አሳበበ።

ማታ ቤታቸው ሲገቡ ቃል ተገባቡ። የማን አባት በእርግጥ ኖሮ፣ በእርግጥ ተናግሮ ከተገኘ ልጅቱ እንደዚያው ትሁን ተባባሉ። ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ የልጃቸውን ነገር ለማያውቁት የሩቅ አገር ሰው አሳልፈው ሲሰጡ ግን አንዳቸውም አላፈሩም። ንትርኩ ሰልችቷቸው ነበርና እፎይ ብለው ተኙ።

ወንጌላዊት መጀመሪያ በስልኳ ፈለገች። ኤልጳንዮስ የለም። አዲስ አበባ ነገረ መለኮት የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋን ጠየቀች፤ እሱም ከጥንት አባቶች መካከል ከሁለቱ ስሞች በአንዱም የሚጠራ እንደማያውቅ ነገራት። አብይ ደስ ሊለው ሲል የእሱም ሰው አብሮ መጥፋቱን አስታወሰና ተወው። ወንጌላዊት ግን ወገቧን ይዛ ያልተገኘ ሁሉ አልነበረም ማለት አይደለም አለች። ከዚያም ተማሪዎቿን የምታፋጥጥበትን ጥያቄ አነሣች። ታዲዮስ ዘንድ ደውላ ማን ነገረህ አለችው።

ታዲዮስ የሰማው አምበር ከሚኖሩት ከጡረተኛው ወንጌላዊ ከጋሽ ይስማው ነበር።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን በሚኒባስ አምበር ወረዱ። ጋሽ ይስማው ቀፎዎቻቸው መሀል ነበሩ፤ ከስብከት ካረፉ ወዲህ የያዙት ሥራ ንብ ማነብ ነው። እንግዶቹን እልፍኝ አስገብተው፣ ሕፃኗን መርቀው፣ ማር በእርጎ አቀረቡ። ወንጌላዊት ጥቅሱን ከአፋቸው መስማት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ጤፉ ሳይበቅል ማጭድ የሚያነሣ ገበሬ…» ብለው ጀመሩ።

ወንጌላዊት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጤፍ ነው ወይ ያሉት ብላ ጠየቀች። ጋሽ ይስማው ከጥንትም ጤፍ እንደነበረ፣ ስንዴ ያደረገው ታዲዮስ እንደሆነ ነገሯት። ሊያሳትመው ሲል አንጾኪያ ጤፍ አይበቅልም ብሎ እንዳስቸገራቸውና እሳቸውም እንደ ፈቀድህ እንዳሉት በቅንነት አስረዱ። አብይ ይህን ሲሰማ ሳቁ አመለጠው፤ ሕፃኗ ባንና እስክታለቅስ ድረስ ሳቀ። አንጾኪያ ላይ ጤፍ የዘራውን ገበሬ ባገኘው ኖሮ ጽሕፈት ቤታችን ይሸልመው ነበር አለ። ወንጌላዊት አብራው አልሳቀችም።

«ታዲያ እርስዎ ከማን ሰሙት?» አለች።

ጋሽ ይስማው በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ቁይ አጠገብ የኔታ ገብረ ኪዳን ከሚባሉ መምህር ጉባኤ ቤት አንድ ክረምት ተቀምጠው ነበር። የኤልጳንዮስን ቃል በቃላቸው ያስያዟቸው የኔታ ራሳቸው ናቸው።

«ያኔም ገርሞኝ ነበር» አሉ። «ሕፃን የሚያስጠምቁ መምህር እንዴት እንዲህ ያለውን ቃል ያስተምራሉ? ኋላ ሳስበው፣ እውነት ስለሆነ ሸሽጎ ማለፍ አቅቷቸው ነው ብዬ ደመደምሁ። ወንጌል ሲሰበክልኝም መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ከየኔታ አፍ የወጣን ቃል ከየት አመጡት ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ በእኛ ጊዜ አልተወለደም።»

አምበር አድረው በማግስቱ ቁይ ገቡ። ከከተማው ወጥተው በባጃጅ ጥቂት፣ ከዚያም በእግር ሄዱ። መንገድ ላይ አብይ ራሳችንን ተመራማሪ ነን ብለን እናስተዋውቅ፣ ሽማግሌው ጴንጤ መሆናችንን ካወቁ በሩን ይዘጉብናል አለ። ወንጌላዊት ውሸት ተናግሬ እውነት ፍለጋ አልሄድም አለችው። እንዲህ ስትናገር ደረቷን ነፍታ ነበር፤ ልቧ ግን ከቅድሙ ይልቅ ደከም ብሏል።

የኔታ ገብረ ኪዳንን የተማሪዎቻቸው ጎጆዎች መሀል ጌሾ ሲቆርጡ አገኟቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ቢላዋው ግን ከእጃቸው አይስትም። ወንጌላዊት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ከማርቆስ እንደመጡ፣ ጴንጤ እንደሆኑ፣ ጥያቄ እንዳላቸው አከታትላ ነገረቻቸው። የኔታ ፊታቸው አልተለወጠም። ሕፃኗን አይተው ተጠምቃለች ወይ አሉ። አብይ ገና አልወሰንንም ብሎ መለሰ።

«ትጣላላችሁ ማለት ነዋ» አሉ የኔታ። «በሉ ግቡ፤ ልጅቱን ፀሐይ ላይ አታቁሟት።»

ጎጆዋ ውስጥ መደብ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ወንጌላዊት የአንጾኪያውን ኤልጳንዮስን ያውቁት እንደሆነ ጠየቀች። የኔታ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አብይ ያመማቸው መስሎት ሊነሣ ሲል እየሳቁ መሆናቸውን አየ።

«ኤልጳንዮስ!» አሉ። «እስካሁን በሕይወት አለ እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የኔታ ወጣት መምህር ሳሉ ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቻቸውን ማከራከር ይወዱ ነበር። አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ መላሽ ሆኖ ይቆማል። ነገር ግን ልጆቹ ጠያቂ ሁኑ ሲባሉ ሆን ብለው እንደ ሞኝ እየተናገሩ በቶሎ ይረታሉ፤ ጠያቂ ሆኖ ማሸነፍ መናፍቅ መሆን ይመስላቸዋል። የኔታ በዚህ ተናደዱ። የጠንካራ ባላጋራ ቃል ያልሰማ ተማሪ መልሱን አያውቀውም ብለው የጠያቂውን ቃል ራሳቸው ይደርሱ ጀመር፤ የሚችሉትን ያህል አሳምረው። የመላሹንም ቃል እንዲሁ። ለተናጋሪዎቹ ስም ሲያስፈልግ ግን አንድ ነገር አስጨነቃቸው።

«የቅዱስ ስም ጠርቶ ያላለውን አለ ማለት ኃጢአት ነው» አሉ። «ስለዚህ የሌሉ ሰዎች ፈጠርሁ። የማንም ስም እንዳይነካ ብዬ።»

እንግዲህ እንዲህ ነው የሚሆነው። ኃጢአት የፈሩ ሰው፣ ማንንም ላለማማት ሲጠነቀቁ፣ ለደብረ ማርቆስ ጴንጤዎች አባት ወለዱላቸው።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በዜማ ሳይሆን በተራ ድምፅ የድሮውን ክርክር ያወርዱት ጀመር፦ «ጤፉ ሳይበቅል ማጭድ የሚያነሣ ገበሬ፣ ሕፃኑ ሳያምን ውኃ የሚያፈስ ካህን፣ የሁለቱም ድካም ለነፋስ ነው።» ትንፋሽ ሳይወስዱም ቀጠሉ፦ «ኒቃርዮስ ይመልሳል። ማጭዱን ማን አነሣ? እኛ የምንለው ዝናቡን ነው። ዝናብ ዘሩ እስኪበቅል አይጠብቅም፤ ዘሩ እንዲበቅል ይዘንባል እንጂ።»

አብይ ክው አለ። አሁን ሳቅ የወጣው ከወንጌላዊት ነው፤ ግን ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁለቱ ጥቅሶች እንደ በርና መቃን ገጥመው ፊቷ ቆሙ። በጋሽ ይስማው ክረምት የኒቃርዮስን ቃል የያዘው ማን ነበር ብላ ጠየቀች። የኔታ ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ልጅ ነበር አሉ፤ ኤልጳንዮስ የሚሆነው ደግሞ ይስማው። አብይ ፍቅረ ሥላሴን በስም ያውቀዋል፤ አሁን በሕይወት የለም እንጂ አቶ አንተነህን ያስተማረው ወንጌላዊ ነው።

የኔታ የዚያን ክረምት ነገር ሲያነሡ ሳቃቸው ቀዘቀዘ። የጉባኤ ቤቱ ደንብ መለዋወጥ ነበር። አንድ ልጅ ዛሬ ኤልጳንዮስ ከሆነ ነገ ኒቃርዮስ ይሆናል፤ ትምህርቱም ያ ነው። በዚያ ክረምት ግን ጎጆዎቹ ውስጥ ወረርሽኝ ገባና ልጆቹ ገና የየራሳቸውን ቃል እያጠኑ ሳሉ፣ ሳይከራከሩና ሳይለዋወጡ ወደየአገራቸው ተበተኑ። ይስማው ኤልጳንዮስን ይዞ ሄደ፤ ፍቅረ ሥላሴ ኒቃርዮስን። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ ወደ ጉባኤ ቤቱ አልተመለሱም።

«የቀራቸውን እናንተ ጨርሱት» አሉ የኔታ። «ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዳችሁ የባላጋራችሁን ቃል ትናገራላችሁ፤ ባላጋራችሁ ‹እኔ ከምለው ይበልጣል› ካለ አለፋችሁ። አንቺ ጀምሪ።»

ወንጌላዊት ይህ ለእሷ ምንም አይደለም ብላ አሰበች። ክፍል ውስጥ የንጉሡንም የባላገሩንም ቃል የምትናገር ሴት ናት። የኔአለም ጭኗ ላይ ነቅታ የጎጆውን ጣሪያ ታያለች። ወንጌላዊት ልጅቱን እያየች ጀመረች።

«ይህችን ልጅ ጠይቄያት አላውቅም» አለች። «ስም ሳወጣላት አልጠየቅኋትም። ጡት ስሰጣት ታምኚኛለሽ ወይ አላልኋትም። ከተወለደች ጀምሮ በስሟ እጠራታለሁ፤ ምን እንደምላት ግን አታውቅም። ያለፈው ሳምንት ስጠራት ዞር አለች። ስሟን ስላወቀች አይደለም የጠራኋት፤ ስለጠራኋት ነው ያወቀችው። እግዚአብሔርስ ከእኔ ያንሳል? እስክታውቀው ድረስ ሳይጠራት ይቆያል?»

ለማስመሰል ነበር የጀመረችው። የመጨረሻዋን ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ግን መልሱን ስትፈልግ አጣችው፤ በክርክር ዘመኗ ደርሶባት አያውቅም። የኔታ ወደ አብይ ዞሩ። አብይ እኔ ከምለው ይበልጣል አለ።

ተራው የእሱ ሆነ። አብይ እንደ ሚስቱ ተናጋሪ አይደለም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት እያየ ነበር የተናገረው።

«እኔ በአርባ ቀኔ ነው የተጠመቅሁት፤ ጉንደ ወይን አጠገብ ባለችው በአጥቢያችን። ስለ እኔ ‹አምናለሁ› ያለው የክርስትና አባቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባመንሁ ጊዜ አጥምቁኝ ብዬ ለመንሁ። ተጠምቀሃል፣ ጥምቀት አንድ ናት አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ተውሁት። ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው እንኳ ፊቴ ቆሞ ‹አብይ፣ ታምናለህ ወይ?› ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱ አለኝ። የጠፋው የሚጠይቀኝ ሰው ነው።»

ወንጌላዊት ፊቷ ቀላ። ራሷ በዐሥራ አምስት ዓመቷ ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ ቆማ፣ ተጠይቃ፣ ጮክ ብላ መልሳ ነው የተጠመቀችው፤ ያን ቀን ስታነሣ አፏ አይጠግብም። ያን ሁሉ ጊዜ ምሳ ላይ «ድካሙ ለነፋስ ነው» ስትል ስለ ሕፃናት የምትናገር መስሏት ነበር። ነፋስ ያለችው ግን ባሏ ያለውን አንድ ጥምቀት ነው። እየተነሣ የሚወጣው ለዚህ ኖሯል። አሸነፍሁ ብላ የቆጠረቻቸው ቀኖች ሁሉ አንድ በአንድ መጡባት።

«ልክ ነው?» አሏት የኔታ።

አዎ፣ ከእኔ ይበልጣል ስትል ራሷን ነቀነቀች።

የኔታ ማን እንዳሸነፈ አልተናገሩም። ሊሄዱ ሲነሡ አብይ እሳቸውስ ራሳቸው የትኛው ወገን እንደሆኑ ጠየቀ። የኔታ በዚህ ተገረሙ፤ ልጅ በቀኑ መጠመቁ ለእሳቸው ለጥያቄ የሚቀርብ ነገር አይደለም፤ ሲከራከሩም የኖሩት ማወቅ ደስ ስለሚላቸው እንጂ ስለጠፋባቸው አይደለም። ደጅ ድረስ ሸኟቸውና አንድ ነገር ለመኑ።

«እነዚያን ሁለት ሰዎች መልሱልኝ» አሉ። «የእኔ ናቸው። በሰው አገር ቆዩ።»

ወደ ማርቆስ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ እንደገና ተጣሉ። ከፊታቸው የተቀመጡ ባልቴት ዘወር እያሉ እስኪያዩአቸው ድረስ ተጣሉ። አብይ ልጅቱ ትቆይ፣ አድጋ ትጠየቅ፣ እኔ የቀረብኝ አይቅርባት ይላል። ወንጌላዊት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቅ፣ ጠርቼያት ዞር ብላለች፣ እግዚአብሔርም ይጥራት ትላለች። አምበርን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መለዋወጣቸውን አስተዋሉ። ከዚያ ወንጌላዊት መሣቅ ጀመረች፤ አብይም ተከተላት። ባልቴቷ እግዜር ይሁናችሁ ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ታዲዮስ ቅዳሜ ደወለ። ወሬው ቀድሞ ደርሶት ነበር። ቀስ ብሎ፣ የኤልጳንዮስ መጽሐፍ በዘመን ብዛት ጠፍቶ ይሆናል ብሎ ማቅረብ አይቻልም ወይ አላት፤ አብይም የሚጠላው አይመስለኝም፣ የእነሱም ሰው ይተርፋል አለ። ወንጌላዊት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«መጋቢ» አለችው፣ «ጤፉን ስንዴ ያደረግኸው አንተ ነህ። ያን ቀን ቆም ብለህ ቢሆን ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። እኔም ሳልጠይቅህ ጠቅሻለሁ፤ ነገ የሁለታችንንም እናገራለሁ።»

እንዳለችውም እሑድ ጉባኤው ፊት ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጤፉን፣ ጎጆውን፣ የኔታን፣ ሳይለዋወጡ የተበተኑትን ሁለት ልጆች። ኤልጳንዮስም ኒቃርዮስም ኖረው እንደማያውቁ፣ ሁለቱም የአንድ ጎጃሜ መምህር ቃል እንደሆኑ ስትናገር አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። አቶ አንተነህ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ታዲዮስ ጫማውን ያያል። ከኋላ አንድ ሰው ታዲያ ምን ልናደርግ ነው አለ።

«ዛሬ የኔአለም ሰማንያ ቀኗ ነው» አለች ወንጌላዊት። «ከዚህ ወጥተን ጨሞጋ እንወርዳለን። አቶ አንተነህ ልጄን ያጥምቁልኝ። መጋቢ ታዲዮስ ደግሞ ባሌን ያጥምቅልኝ። እሷ ትጠራ፤ እሱ ይጠየቅ። ስታድግ እኔም ልጠየቅ ካለች ያን ጊዜ የሚጠይቃት ሰው አይጠፋም።»

ይህን ለአብይ አልነገረችውም ነበር። ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመና እንደገና ተቀመጠ።

ግማሹ ጉባኤ በልጅቱ፣ ግማሹ በአባትየው ላይ ተቃውሞ ነበረው። የመጽሐፍ ቅዱሱን ጥቅስ ዓመታት ሙሉ ተባብለው ጨርሰውታል፤ ከዚያ ሲያልፉ የሚተማመኑባቸው ሁለቱ አባቶች ደግሞ አሁን የሉም። ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጥተው ሄዱ። ሌላው ሰው እያጉረመረመም ቢሆን ወደ ወንዙ ወረደ፤ ይህ ነገር እንዴት እንደሚያልቅ ሳያይ ወደ ቤቱ መግባት የፈለገ አልነበረም።

የጨሞጋ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። አቶ አንተነህ ዳር ላይ ተንበርክከው በመዳፋቸው ዘግነው የኔአለም ራስ ላይ ሲያፈሱ ልጅቱ አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች። አንድ ሰው አሁንስ ስትጠየቅ አልፈልግም አለች ብሎ ቀለደ፤ የአንተነህ ወገኖች ሳይቀሩ ሳቁ። ወንጌላዊት ልጇን ተቀብላ በነጠላዋ ጠቀለለቻት። ማን እንዳሸነፈ ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም፤ አብይ ጫማውን አውልቆ እየገባ ነበር።

ታዲዮስ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ጠበቀው። ከቅዳሜ ጀምሮ አንገቱን እንደደፋ ነበር፤ አሁን ቀና አለ። አብይን ትከሻውን ያዘና ወንዙ ዳር ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ጠየቀው።

«አብይ፣ ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታህ እንደሆነ ታምናለህ ወይ?»

አብይ ፊቱን በእርጥብ እጁ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ። ታዲዮስ ግራ ገብቶት ወደ ወንጌላዊት አየ። የኔአለም ልቅሶዋን ተወች። በመጨረሻ አብይ መልስ ሊሰጥ ነው ሲባል ጎንበስ ብሎ ለታዲዮስ ብቻ ተናገረው፤ ወንጌላዊት ግን ከዳር ሆና ሰማችው።

«እስቲ ድገምና ጠይቀኝ» አለው።

ታዲዮስም ደግሞ ጠየቀው።